በየጠዋቱ የማነበው ወረቀት

ጥቅምት 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይድረስህ። አንተንም ሥራህንም ያቺን የተከራየሃትን ጠባብ ክፍልም ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልክ ላይ «እሺ አክስቴ፣ እሺ አክስቴ» እያልክ ንዴቴን ስለምታበርደው ነው። ይሄኛው እንዲበርድ አልፈለግሁም።

የሳሙና ፋብሪካችን መሸጡን ታውቃለህ። የገዙት ያንተው መሥሪያ ቤት ሰዎች መሆናቸውን ስሰማ ደስ ብሎኝ «የወንድሜ ልጅ እኮ ዋናው ቢሮ ነው» እያልኩ በየክፍሉ አውርቻለሁ። አሁን ምነው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ።

መጀመሪያ ቀለም ቀቢዎች መጡ። ከሳሙና ማተሚያ ማሽኖቹ በላይ «ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት» የሚል ሰሌዳ ነበረን። እሱን አወረዱና በቦታው አምስት ቃል ጻፉ፦ ግልጽነት፣ መከባበር፣ ባለቤትነት፣ ትጋት፣ አብሮነት። «አዲሶቹ እሴቶቻችን» ይባላሉ። ቀጥሎ፣ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ቆመን ከዋናው ቢሮ የሚላክ ወረቀት እንዲነበብልን ታዘዘ። የፈረቃ ኃላፊ ስለሆንኩ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ሳሙና ስጮህ ኖሬ፣ ይኸው ስለ እሴት እጮሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት የግልጽነት ተራ ነበር። «ያየኸውን ሳትፈራ ተናገር፤ የሚሰማህ አለ» ይላል። አነበብኩት። እኛ ጋ ሳሙናው የሚሠራበትን ኮስቲክ ሶዳ የምትመዝን ሴት አለች፤ «ሚዛን» ነው የምንላት። ሥራዋም አነጋገሯም ሚዛን ነው፣ ግራም አታጓድልም። እጇን አወጣችና ሥራ አስኪያጁ ቆሞ እየሰማ «የኮስቲክ ሶዳው ቧንቧ ቫልቩ ጋ ያንጠባጥባል። የሰጣችሁን መነጽር ደግሞ ከመጫጫሩ የተነሳ የገዛ እጃችንን አያሳየንም» አለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን» አላት።

በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ምክንያቱ «የአብሮነት መንፈስን ማወክ» ይላል። አሁን ከሚዛኑ ተነስታ ግቢ ውስጥ ባዶ ካርቶን ትቆጥራለች።

እንግዲህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ያንን ወረቀት የሚጽፈው ማን እንደሆነ እወቅና እንዲህ በልልኝ፦ አክስቴ ሶዳ ሰው ገላ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚያደርግ አይታለች፣ አንተ አላየህም። እሱን ሳትነግረው እንዳትውል።

አክስትህ


ኅዳር 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዲበዛ፣ ቤትዎ በሰላም እንዲሞላ ከልብ እመኛለሁ። ደብዳቤዎ በሰዓቱ ደርሶኝ ነበር፤ ሥራ ስለተደራረበብኝ መልሱ ዘገየ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ያነሱትን ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቤዋለሁ። አንድ ድርጅት በአዲስ እሴቶች መመራት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ያለ አለመግባባት መፈጠሩ የሚጠበቅ ነው። ሠራተኛው እሴቶቹን ተላምዶ የራሱ እስኪያደርጋቸው ድረስ ተከታታይ ተግባቦት ያስፈልጋል። የጠዋቱ ወረቀትም የታሰበው ለዚሁ ነው። ጊዜ ይስጡት።

ጸሐፊውን በተመለከተ፣ ክፍሉ ብዙ ሰው ስለሚሠራበት ይህ ነው ብሎ ለመለየት ያስቸግራል።

ለጉልበትዎ ቅባት ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ ይቀቡት።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 24

ለወንድሜ ልጅ፣

እድሜ ይስጥህ፣ ካሰብክበት ያድርስህ። ቅባቱ ደርሶኛል። ጉልበቴን አሽሎታል፣ ቆሽቴን ግን አላሻለውም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ተግባቦት» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ሦስቴም ቆምኩ። አንተ ከኔ ጋር እንዲህ አታወራም። ልጄ የጻፈልኝ ሳይሆን አንድ ቢሮ ማኅተም መትቶ የላከልኝ ነው የመሰለኝ። ይሁን ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ወረቀቱን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ሴት በምትኖርበት ፎቅ ቤት ደረጃው መሰንጠቁን ታያለች። ጎረቤቶቿ እየሳቁባት ለአከራይዋ በድፍረት ትነግረዋለች። አከራይዋም አመስግኗት ደረጃውን አሠራው። ግልጽነት ቤት ያቆማል።»

ሰባ ሰው እያየኝ ድምፄ ተቋረጠ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

የኛ ቤት የተሰነጠቀው ከታች ሲቆጠር አራተኛው ደረጃ ነበር። ያንተ እግር የገባበት። አባትህ ሞቶ እኔ ጋ በመጣህ በዓመቱ። ለአከራዩ ስነግረው አመሰገነኝ እንዴ? በሳምንት ውስጥ ዕቃሽን አውጪ ነው ያለኝ። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ፍራሹን ጭንቅላትህ ላይ አድርገህ፣ አንዱ ጫፍ መሬት እየጠረገ፣ ከኋላ ከኋላዬ መጣህ። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው። አንዷ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አልጻፍኩትም።

ታሪኬን ስጪኝ ብትለኝ እሰጥህ ነበር። ያነደደኝ መውሰድህ አይደለም። መጨረሻውን መለወጥህ ነው። ያ ሰውዬ አላመሰገነኝም። የሚያመሰግን አስመስለህ፣ በገዛ አፌ አስነብበህ፣ እንደ ሚዛን ያለች ሌላ ሴት ደግሞ እጇን እንድታወጣ ልታደርጋት ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ፤ ዓይኔን ባታይም ያው ነው።

መልስህን እጠብቃለሁ። ማኅተም ያለበት እንዳይሆን።

አክስትህ


ታኅሣሥ 2

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለማሳመር እጄ እምቢ ብሎኛል።

አዎ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። በእኛ ቋንቋ ለሚሠሩት ሦስት ፋብሪካዎች የሚላከውን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ስለሆነ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ባይሰማም ለሁሉም ይታያል። የደረጃውን ታሪክ መጀመሪያ የጻፍኩት እንደሆነው ነው። ዕቃዎን ማውጣትዎንም ፍራሹንም ጽፌ ነበር። ኃላፊዬ አነበበውና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «ሰውየው እዚህ ላይ ማመስገን አለበት፤ አለበለዚያ ማን አፉን ይከፍታል?» አለኝ። አስተካከልኩትና ላክሁት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ ግን በላሁ።

ይሄ የኔ ጥፋት ነው። አሁን ደግሞ እኔ የምጠይቅዎት አለ።

ከደብዳቤዎ በኋላ የሚዛንን ፋይል አስመጥቼ አየሁት። ማስጠንቀቂያው ላይ ሁለት ፊርማ አለ። አንደኛው የሥራ አስኪያጁ ነው። ሁለተኛውን ፊርማ ከሁለተኛ ክፍል የውጤት ካርዴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እርስዎ የጻፉልኝ «ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት» ብለው ነው። ማን እንደፈረመ አላሉም። እኔን መጨረሻ ለወጥክ ይሉኛል፣ እርስዎ ደግሞ መሐሉን ዘለሉት። እዚህ ተቀምጬ የዋሸሁትን ውሸት እዚያ ቆመው ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ የተናገረችውንም ሴት የቀጡልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። እርስዎ አሥር ዓመት አብረዋት ሠርተዋል።

አክብሮቴ አልጎደለም፤ ንዴቴ ነው የበዛው። ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ መናደዱንም ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 17

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቀድጄ ጣልኩት፤ ቁርጥራጩን ለቅሜ መልሼ አነበብኩት፤ ከዚያ ስጠላህ ከረምኩ። እውነት ስለሆነ ነው የጠላሁህ።

ፈርሜያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «ያንቺ ፈረቃ ነው፣ ያንቺ ፊርማ ያስፈልጋል» አለኝ። እስክሪብቶውንም ራሱ አቀበለኝ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት እንደቀረው አሰብኩ። የሚዛንን ፊት ሳላይ ፈረምኩ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ጥር 21 ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ቫልቩ ለቀቀ። መካኒኩ ከሥሩ ነበር። ይህ ሰው ፋብሪካው በተከፈተ ጊዜ አብሮኝ የገባ ነው። ሶዳው ከአንገቱ ጀምሮ በግራ ክንዱ ወረደ። ጩኸቱን ልጽፍልህ አልችልም። እጄን እጁ ውስጥ ከትቼ ወደ መታጠቢያው ጎተትኩት። ሌሎቹ ደንግጠው ቆመው ቀሩ። ከግቢ ሮጣ መጥታ ውሃውን የከፈተችው ሚዛን ነች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እሷ ውሃውን፣ እኔ ሰውየውን ይዘን ቆምን። ዓይኑ ተርፏል፤ ያደረገው መነጽር ከቤቱ ያመጣው የራሱ ነበር። የፋብሪካው ቢሆን ኖሮ ፊቱ ያለውን ሳያይ ቫልቩን ሊዘጋ ሲዳብስ ዓይኑም ይጠፋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የመጣው ወረቀት ስለ መከባበር ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«ዛሬ ከዋናው ቢሮ የመጣ አላነብላችሁም» አልኩ። «ሚዛን ቫልቩ ያንጠባጥባል ብላችኋለች። የተቀጣችበት ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ትናንት የሆነውን አይታችኋል። ሌላ የሚያንጠባጥብ፣ የላላ፣ የተሰበረ ነገር ካለ ንገሩኝ።»

ከኋላ አንዱ «ተናግረን ደግሞ እንድትፈርሚብን?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን ልክ ነው። «አልፈርምም» አልኩት። «ከፈረምኩ ሰባችሁም ምስክር ናችሁ።»

መጀመሪያ አንዲት ሳሙና አሻጊ ስለ ተቆረጠ ገመድ ተናገረች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የሳሙና ካርቶን ዘርግቼ ሠላሳ አንድ ነገር ጻፍኩ። ሚዛን እስከ መጨረሻው ዝም አለች። እሷ ምን ትላለች፣ ያለችውን ብላለች።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ «ይሄ በማን ፈቃድ ነው?» አለኝ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያውን ቃል በጣቴ አሳየሁት። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ካርቶኑን ግን አላነሳውም።

በፊት ጸሐፊውን ፈልገህ ስደብልኝ ብዬህ ነበር። ትቼዋለሁ። አሁን የምለምንህ ይህን ሁሉ እንዳለ እንድትጽፈው ነው። ቫልቩን፣ ሚዛንን፣ ፊርማዬን፣ መካኒኩን። ሦስቱም ፋብሪካ ይነበብ። የኔን ጥፋት ላሳምርልሽ ብለህ መጨረሻውን ከነካካኸው አክስት የለህም።

አክስትህ


መጋቢት 15

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ለመካኒኩም ምሕረት ይላክለት።

አንድም ቃል ሳልለውጥ ጻፍኩት። ፊርማዎ ጋ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። ይቅር ብዬ ልዘለው አሰብኩ፣ ከዚያ የራሴን የቀድሞ ደብዳቤ አስታወስኩና ጻፍኩት። ለኃላፊዬ ባሳየው እንደሚሰርዘው አውቃለሁ። ለምሳ ሲወጣ ለሦስቱም ፋብሪካ ላክሁት።

ሰኞ ተነበበ፤ ማክሰኞ መስታወቱ ክፍል ተጠራሁ። «የኩባንያውን ገበና አደባባይ አወጣህ» አለኝ ኃላፊዬ። «ሠራተኛው ገበናውን ድሮም ያውቀዋል፤ የማናውቀው እኛ ነበርን» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለኝን እርስዎ ፊት አልደግመውም።

ይህ ወረቀት መላክ ከጀመረ ወዲህ ከሦስቱም ፋብሪካ የደረሰን መልስ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱም የፊደል ስህተት ለማረም የተጻፈ ነው። ከዚያ ሰኞ በኋላ በአንድ ሳምንት ዘጠና አራት መልስ መጣ። አንዱ ላይ «ዛሬ የተነበበልንን የጻፈው እኛን የሚያውቅ ሰው መሰለን» ይላል። የሌሎቹም ፋብሪካዎች ቫልቭ እንደዚያው ነበር። የበላዮቹ ደነገጡ። ቫልቮቹ በሙሉ እንዲቀየሩ፣ የሚዛንም ማስጠንቀቂያ እንዲሰረዝ አዘዙ። ከእንግዲህ ሥራ አስኪያጆቹ ራሳቸው በጠዋቱ ስብሰባ ቆመው ለተነሳው ነገር ሁሉ መልስ እንዲሰጡ ተወስኗል።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ኃላፊዬ በትልቁ ስብሰባ ላይ ይህንን ሁሉ «የተግባቦት ሥራችን ፍሬ» ብሎ አቀረበው። ተጨበጨበለት። በመስታወቱ አየሁት። እኔ በዚያ ሰዓት ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ እያስገባሁ ነበር፤ ከዚህ ወር በኋላ ውሌ አይታደስም።

እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም የምነግርዎት። መሐሉን እንዳልዘለልኩ እንዲያውቁልኝ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 11

ለወንድሜ ልጅ፣

የተዘጋብህ በር ሁሉ ይከፈትልህ። ያባረሩህን ሰዎች ግን መመረቅ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። ያ ሰው ባንተ ሥራ ሲጨበጨብለት የሚለውን ሳነብ ጥርሴን ከመንከሴ የተነሳ መንጋጋዬ ሲያመኝ ዋለ። ቤቴ ቤትህ ነው። መምጣት ብትፈልግ አልጋህ እንዳለ ነው፤ መምጣት ካልፈለግህም ካለህበት ሆነህ ቀና ብለህ ሂድ።

ቫልቩ ተቀይሯል። አዲስ መነጽር መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ እየወጣ ካርቶኑ ፊት ይቆማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳሙና የዋጠ ሰው ይመስል ነበር። «ይሄ እስከ ሐሙስ ይሠራል። ይሄኛው አይሠራም፤ ምክንያቱም ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ወር ይፈጃል» ይላል። አይሠራም ማለቱን ድሮም እናውቃለን። ምክንያቱም ብሎን ግን አያውቅም ነበር። ሰዉ «አይሠራም» ተብሎ ሳያጉረመርም ወደ ሥራው ሲሄድ ያየሁት ምክንያቱን የነገረን ቀን ነው። ከሠላሳ አንዱ አሥራ አራቱ ተሠርቷል። ከግድግዳው አምስት ቃላት ውስጥ ሰዉ ትርጉሙን ያወቀው አንዱን ነው፤ እሱንም ያወቀው ከግድግዳው አይደለም።

መካኒኩ ተመልሷል። አንገቱ ተጨማድዷል፣ ግራ እጁ ወደ ላይ አይነሳም። ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚውለው። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር እንዳላዝን ብሎ ይቀልድብኛል፣ ቀልዱ ይብስብኛል።

ሚዛንም ሚዛኗ ላይ ናት። ሰላምታ አትሰጠኝም። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ቀና ሳትል «ፊርማሽን አይቻለሁ። ይቅርታሽን ደግሞ ወደፊት አያለሁ» አለችኝ።

ትናንት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ተናግሮ ሲጨርስ እጇን አወጣች።

«የፈረቃ ኃላፊያችን ሐሙስ ዕለት ሁለተኛውን ማተሚያ መከለያው ተከፍቶ አሠርታዋለች» አለች። «ኮታው እንዳይጎድል። ሁለት ወጣት ሠራተኞች እጃቸውን እያስገቡ ሳሙና ሲያወጡ አይቻለሁ።»

እውነት ነው። አሠርቻለሁ። መከለያው እየተጣበቀ ሥራ ሲያዘገይብን «ለዛሬ ብቻ ይከፈት» አልኩ።

ሰባውም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሥራ አስኪያጁም ዞረ፤ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በፈረቃዬ ፊት ጣት የቀሰረብኝ ሰው የለም። «ውሸት ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ብል ኖሮ አብዛኛው ሰው ያምነኝ ነበር፤ ባያምነኝም ዝም ይል ነበር። በሚቀጥለው ቀን ግን አንድም እጅ አይወጣም።

እስክሪብቶውን አነሳሁና ካርቶኑ ላይ ሠላሳ ሁለተኛ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሁለተኛው ማተሚያ መከለያው ተከፍቶ ሠርቷል። ያሠራችው የፈረቃ ኃላፊዋ ናት።»

ሚዛን ካለችበት ሆና አነበበችው። «ቀኑን አልጻፍሽም» አለችኝ።

ሐሙስ ብዬ ጨመርኩበት። ያኔ እጇን አወረደችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይህን ስጽፍልህ እንኳን ንዴቱ አልወጣልኝም። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰው እጁን አወጣ፤ አንዱ ስለ እኔ ነው።

አክስትህ